ሽጉጥ እጅ ሲለውጥ

ሃያ አንድ ዓመት የሰው ሽጉጥ ስፈታና ስገጥም ኖሬ አንድም ቀን የራሴ ሽጉጥ ኖሮኝ አያውቅም። ጡረታ ስወጣ የሱቁ ባለቤት «ከመደርደሪያው የወደድከውን ምረጥ፣ ወረቀቱን እኔ እጨርስልሃለሁ» ቢለኝ፣ ሰዓት ይሻለኛል አልኩት። የሰጠኝ ሰዓት በቀን አራት ደቂቃ ይዘገያል። እኔም የምቸኩልበት የለኝም።

አሁን ጠዋት ጠዋት አሽቀሎን ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ፣ ከባሕሩ በላይ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከሌሎች ጡረተኞች ጋር እቀመጣለሁ። ከመካከላችን ሬድዮ ከጆሮው የማይለይ አለ። እሱ የሰማውን ይዞ ይመጣል፣ እኛ እንከራከርበታለን። ባለፈው ሳምንት የመጣው ነገር ሰው ለሰው ሽጉጥ ሲሸጥ ገዢው ይጣራ አይጣራ የሚል ነበር። አንዱ፣ ሱቅ ሲሸጥ ይጣራ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ ሲሸጥ ግን ማንን ምን አገባው አለ። ሌላው «አንተ ጎረቤትህን ታውቀዋለህ?» ብሎ መለሰለት። ጩኸቱ ሲበዛ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፣ ሥራዬን ያውቃሉና። ሕግ አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ሕግ አላውቅም። የማውቀው አንድ ሽጉጥ እጅ ሲለውጥ ያየሁትን ነው፣ እሱ ደግሞ በአንድ ጠዋት ወሬ አያልቅምና ቤቴ ገብቼ ልጽፈው ቆረጥኩ።

የተወለድኩት ከጎንደር ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ባለ ቀበሌ፣ ከቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ቤት ነው። አባቴ ማረሻና ማጭድ ይሠራል፣ ጠመንጃም ይጠግናል። ማረሻ የሠራላቸው ሰዎች ቡዳ ነው እያሉ ልጆቻቸውን ከደጃችን ያሸሹ ነበር። ጠመንጃቸው እምቢ ሲላቸው ግን መንገዱ አይጠፋቸውም።

በዚያ አገር ጠመንጃ እንደ በግ ገበያ ወጥቶ አይሸጥም። ሻጭና ገዢ ዋስ ዋሳቸውን ይዘው አባቴ ዘንድ ይመጣሉ። የሻጩ ዋስ ጠመንጃው የተሰረቀ አለመሆኑን ይናገራል። የገዢው ዋስ ደግሞ ሰውየው ደም የሌለበት፣ ከማንም ያልተቃቃረ መሆኑን ይናገራል። አባቴ ብረቱን ያያል፣ ሽማግሌዎቹ ሰውየውን ያያሉ። ነገር ከመጣ የሚያዘው ዋሱ ነው። መሬቱም ከብቱም እዚያው ስለሆነ የትም አይሄድም። ፖሊስ በማይደርስበት አገር ማጣሪያው ይህ ነበር፣ ደግሞም ይሠራ ነበር። ይህን የማነሣው ጥፋቴ የመጣው ከዚሁ ስለሆነ ነው።

ከፍ ስል ጎንደር ከተማ አንድ ጋራዥ ገባሁ። አለቃዬ ሙያውን ከጣሊያኖች የተማረ ሽማግሌ ነበር። ዕቃውን ሁሉ በጣሊያን ስም ይጠራል፤ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ። የተሳሳተ ዕቃ ያቀበለውን በዚያው ዕቃ ጣቱን ይመታል። አራት ዓመት አብሬው ሠርቼ ጣቴም ሙያዬም ጠነከረ።

በሱዳን በኩል የመጣንበትን መንገድ እዘለዋለሁ። አምስት ልጆች ይዤ ተነሥቼ ሦስት ይዤ ደረስኩ፣ ይበቃል። እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ሲያመጡን ስሜን አስረስ ብላቸው አሼር ብለው ጻፉት። ኡልፓን ገብቼ ዕብራይስጥ ተማርኩ፣ ቢያንስ ተምሯል የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ከዚያ ብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ ሳጥን ስቸነክር ሁለት ዓመት ቆየሁ። አንድ ቀን የማሸጊያው ጥበቃ ሽጉጡ ጥይት ነክሶ አልለቅ ብሎት ሲታገል አይቼ ተቀበልኩትና በሚስማር አላቀቅኩለት። እሱ ሊሰጠኝ አይገባም ነበር፣ እኔም ልነካው አይገባም ነበር። ሰውየው ግን ሳይከሰኝ ቀርቶ በማግሥቱ እጄን ይዞ መሣሪያ ወደሚሸጥበት ሱቅ ወሰደኝ።

ሱቁ ከፊት መሸጫ፣ ከኋላ ጥገና ክፍል፣ ከምድር በታች ደግሞ ሚትዋኽ የሚሉት የተኩስ መለማመጃ ነበረው። ባለቤቱ ሺሞን ፈጣን ሰው ነው፣ ሲናገርም ሲራመድም። ጥገና ክፍሉን የያዘው መርዶኽይ የሚባል ከሊቢያ፣ ከትሪፖሊ የመጣ አሮጌ ሰው ነበር። መርዶኽይ ሰላምታም ሳይሰጠኝ የሦስት ሽጉጥ ክፍሎች በአንድ ሳህን ደባልቆ አቀረበልኝ። ለየሁና መግጠም ጀመርኩ። መሃል ላይ ዕቃ አጣሁ፣ በዕብራይስጥ ምን እንደሚባል አላወቅኩም፣ እጄን ዘርግቼ «ካቻቪቴ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ። እሱ በትሪፖሊ፣ እኔ በጎንደር፣ ሁለታችንም እጃችንን ያፍታታነው ጣሊያን ጥሎት በሄደው ጠመንጃ ላይ ነው። በዚያው ቀን ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከማሸጊያው ትንሽ ይሻል ነበር፣ ሌላ የምለው የለኝም።

የመርዶኽይን አሠራር ልናገር፣ ምክንያቱም የተማርኩት ከአፉ ሳይሆን ከእጁ ነው። ነጭ ጨርቅ ያነጥፋል። የፈታውን ሁሉ እንደ አፈታቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራል፣ ሲገጥም ከቀኝ ወደ ግራ ይመለሳል። ሽጉጥ ጥይት እንደሌለበት በዓይኑ ሦስቴ አይቶ፣ ዓይኑን ስለማያምን ደግሞ ትንሿን ጣቱን ይከትበታል። ሞላውን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ያን ጊዜ ዓይኑን ይጨፍናል። ምላጩ የሚይዝበትን ጥርስ ሲሞርድ ሦስቴ ብቻ ነው የሚስበው፣ ከዚያ ይገጥማል፣ ይሞክራል፣ ይፈታል፣ እንደገና ሦስቴ። እኔ አራት ስስብ ካየ ሞረዱን ከእጄ ወስዶ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል፣ እስከ ማግሥቱ አይመልስልኝም። ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ ካለ ስልክ ቢጮህ አያነሣም። ሺሞን በዚህ ይናደድ ነበር።

ሺሞንን ይበልጥ የሚያናድደው ሌላ ልማድ ነበረው። በዚያን ጊዜ ሰው ለሰው ሽጉጥ ሲሸጥ ሁለቱ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጡና በእኛ በኩል ይተላለፋል። ገዢው ሪሻዮን የሚሉትን ፈቃዱንና የሐኪም ፊርማ ያሳያል። እኛ ቁጥሩን እናመሳክራለን፣ ሽጉጡን እንፈትሻለን፣ ገዢውን ታች አውርደን እናስተኩሳለን። በቃ። መርዶኽይ ግን በዚህ ላይ ከገዢው ጋር አንድ ቤት የሚኖር ሰው ይምጣ ይላል። ሚስት፣ እናት፣ ወንድም፣ ማንም ይሁን። የመጣውን ሰው ለብቻው ጥገና ክፍል ያስገባዋል፣ በሩን ይዘጋል፣ ውሃ ይቀዳለታል። ከዚያ «ይህ ዕቃ ከዛሬ ጀምሮ ቤታችሁ ይገባል። ምን ይሰማሃል?» ይለዋል። ሌላ አይጨምርም። ዝም ብሎ ይጠብቃል።

የመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት የአውቶቡስ ሹፌር ከሚስቱ ወንድም ሽጉጥ ሲገዛ ነው። ሚስቲቱ ጥያቄውን ሰምታ በሩን አየች፣ መሬቱን አየች፣ «እሱ ከፈለገ እኔ ምን እላለሁ» አለች። መርዶኽይ አመሰገናት፣ ወጣና ለሹፌሩ «ሞላው ደክሟል፣ አዲስ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይቆይ» አለው። እኔ ያንን ሞላ ከግማሽ ሰዓት በፊት ተጭኜው ነበር፣ ምንም አልሆነም። ምሳ ላይ ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እሷ ያለችኝን ለባሏ ብነግረው ቤት ሲገቡ የምትከፍለው እሷ ናት። ከሞላ ጋር ግን ማንም አይጣላም።»

ሹፌሩ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ሞላው አልመጣም፣ አሁንም አልመጣም። በመጨረሻ ትቶት ሄደ። ከሌላ ቦታ ይግዛ አይግዛ አላወቅንም።

በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ ሰው በጩቤ እየተወጋ ሁሉም ደንግጦ ነበርና ሽጉጥ ፈላጊው በዛ። ሰልፉ ከበር ውጭ ይደርሳል። ሺሞንና መርዶኽይም በየቀኑ ይከራከራሉ። «ሕጉ ያላለውን አንተ ትላለህ» ይላል ሺሞን። «ሪሻዮን አለው፣ ሐኪም ፈርሞለታል። የሸጠለት ወንድሙ ነው። ሚስትህን አምጣ ስትለው አይሰድበኝም?» መርዶኽይ ሽጉጡን እየወለወለ «ወረቀቱ የሚያውቀው እስከ ተፈረመበት ቀን ድረስ ነው» ይለዋል። «ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚያውቀው ቤቱ ነው።»

እኔ ከሁለቱም አልወግንም ነበር። የኛ ሥርዓት ከሁለቱም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አንድ ቀን ለመርዶኽይ ስለ ዋስ አጫወትኩት። በደንብ ሰማኝና «ዋሱ ከሰውየው ጋር አንድ ቤት ይኖራል?» አለኝ። አይ፣ አንድ መንደር ነው አልኩት። «እዚህስ?» አለኝ። እዚህም ያው ነን፣ አንድ ሕዝብ ነን አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ መርዶኽይ ለዓይኑ ቀዶ ሕክምና አንድ ወር ተኩል ቤቱ ዋለ። ጥገና ክፍሉ በእኔ እጅ ገባ። ሲሄድ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የቤቱን ሰው ጠይቅ።» እሺ አልኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ይስማው የሚባል ሰው መጣ። ከሱዳን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ኢንዱስትሪ ሰፈሩ ውስጥ መጋዘን የሚጠብቅ ሾሜር ነው። የድርጅቱን ሽጉጥ ታጥቆ ይውልና ሲወጣ ያስረክባል። አሁን ጡረታ የሚወጣ ባልደረባው የግሉን ሽጉጥ ሊሸጥለት ተስማምተዋል። ፈቃዱ፣ የሐኪሙ ፊርማ፣ የሻጩ ወረቀት፣ ሁሉም የተሟላ ነበር። ሽጉጡም በደንብ የተያዘ፣ ጭረት የሌለው ነው።

ሱቃችን የቤት ሰው እንደሚጠይቅ በኛ ሰዎች ዘንድ ስለተሰማ ይስማው ሚስቱን እናኑን ይዟት መጥቷል። አባባ መለሰንም አስከትሏል። አባባ መለሰን በሰፈራችን በራማት ኤሽኮል የማያውቃቸው የለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ሲኳረፉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሱቁ መሃል ቆሙና «አስረስ ልጄ፣ ለይስማው እኔ ዋስ ነኝ» አሉኝ።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ከአባቴ ደጅ ከተለየሁ ወዲህ ይህን ቃል ለጠመንጃ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሺሞን ምን አሉ ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ ተረጎምኩለት። «ቤሴዴር፣ እሺ» አለ፣ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

እናኑ ከውጭ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። መጠየቅ ነበረብኝ። ነገር ግን ሽማግሌው ቃላቸውን ከሰጡ በኋላ ሴቲቱን ለብቻዋ አስገብቶ በር ዘግቶ መጠየቅ፣ አባባ መለሰን ዋሽተዋል ማለት ነው። እኔም ይህን ያህል ባለጌ አይደለሁም። ከዋስ በኋላ ደግሞ ምን ምስክር ያስፈልጋል። እንዲህ እያልኩ ለራሴ አስረዳሁት።

የጥገና ክፍሉ በር ክፍት ነው፣ በሱቁ መስታወት በኩል ትታየኛለች። ሽጉጡን መፍታት ስጀምር ተነሣች፣ እስከ በሩ መጣች፣ እጇን እጀታው ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየችና ተመልሳ ተቀመጠች። ጥይቱን የሚመታውን መርፌ ስመረምር ደግማ ተነሣች። አሁንም እጇን እጀታው ላይ አደረገች፣ ወደ ውስጥም ተመለከተች። ዓይናችን ሳይገጥም ጎንበስ ብዬ መርፌውን መወልወል ጀመርኩ። ቀና ስል አግዳሚው ላይ ነበረች።

ይስማውና አባባ መለሰ ወደ ሚትዋኹ ሲወርዱ ውሃ ይዤላት ወጣሁ። «ደህና ነሽ እናኑ? ቤት ደህና ነው?» አልኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። የታመመም፣ ያዘነም፣ የተራበም ሰው በኛ ዘንድ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። እኔ ይህን እያወቅሁ መልስ አገኘሁ ብዬ ገባሁ። ውሃውን ተቀብላኝ ሳትጠጣው ጎኗ አስቀመጠችው።

ይስማው ደህና አድርጎ ተኮሰ። ሞላውን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ሞከርኩት፣ ደህና ነበር። ደህና ነው ብዬ ፈረምኩ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ይስማው እቤቱ ውስጥ እናኑን በዚያ ሽጉጥ መታት። ጥይቱ የቀኝ ትከሻዋን አጥንት ሰብሮ ወጣ። ጎረቤት ደረሰላት፣ ነፍሷ ተረፈች። ቀኝ እጇ ግን ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ይስማው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፖሊስ እስኪመጣ ጠበቀ። ተፈርዶበት ገባ።

መርማሪ ወደ ሱቁ መጣ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየ፣ የሚጎድል አላገኘም። «ሚስቲቱ ያን ቀን የሆነ ነገር ለመናገር ሞክራ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «ዝም ብላ ውጭ ተቀምጣ ነበር» አልኩት። ጻፈው። ሺሞን መርማሪውን ሸኝቶ ሲመለስ ተነፈሰና «ሕግ የጠየቀውን ሁሉ አድርገናል» አለኝ። ልክ ነበር። በእኔ ላይ ክፉ ቃል የተናገረ አንድ ሰው የለም። ያን ጊዜ የተሰማኝ እፎይታ ነው፣ ኀፍረቱ ቆይቶ ነው የመጣው።

ቃሌ ግን ሱቁ ውስጥ አልቀረም። ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር ያልኩት በኛ ሰዎች መካከል ዞረ። «ሽጉጥ ሲገዛ አብራው ሄዳ የለም እንዴ?» ይላሉ። «አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ቆይታ አሁን ባሏን አሳሰረች።» ጸሎት ቤት ስትመጣ ሴቶቹ ቦታ አለ አይሏትም። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ለብቻዋ ትቀመጣለች። ሚስቴ ይህን ስትነግረኝ እህ ብዬ ሌላ ወሬ ጀመርኩ።

ወደ አባባ መለሰ ሄድኩ። ከሕንጻቸው በታች ግንቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በዚያ ቤት ጠብ እንደነበረ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ሁለቴ አስታርቄአቸዋለሁ» አሉኝ። «የመጨረሻው እናንተ ዘንድ ከመምጣታችን ከአንድ ወር በፊት ነው። መትቷት ነበር።»

«ታዲያ አባባ፣ ምነው አልነገሩኝ?»

«በሽምግልና የሰማሁትን ላወጣ ነው? እንኳን ላንተ ለልጄም አልናገርም።»

«ዋስ አልሆንም ቢሉትስ?»

«ለምን ይለኛል። ምክንያቱን ያውቀዋል፣ ቂሙን ይዞ የሚገባው ወደ እሷ ነው። ዋስ ብሆነው ያፍረኛል፣ ስሜ በእጁ ሲሆን ይጠነቀቃል ብዬ ነው እንጂ።» ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ስመለስ መንገድ ላይ አሰብኩት። በአባቴ ደጅ ዋሱ ሌላ፣ አስታራቂው ሌላ ነበር። እዚህ ግን ለሁሉ ነገር የቀሩን ሽማግሌ አንድ ናቸው። ያወቁትን እንዳያወጡ ሽምግልናው ያዛቸው፣ ዋስ እንዲሆኑ ደግሞ ይሉኝታው ገፋቸው። የሚያጡት መሬትም ከብትም የላቸው፣ ያላቸው ስማቸው ብቻ ነበር። ይህን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ሺሞን አይደለም፣ መርዶኽይም አይደለም። እነሱ ከየት ያውቁታል።

መርዶኽይ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ተመለሰ። ሺሞን ሁሉንም ነግሮታል። ነጩን ጨርቅ እያነጠፈ «ሴቲቱን ማን ጠየቃት?» አለኝ።

«ማንም።»

«ምን ትመስል ነበር?»

«ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር» አልኩት፣ ለሁለተኛ ጊዜ። በአንድ ዓይኑ ረጅም ጊዜ አየኝ። ሞረዱን ወስዶ መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፍብኝ መስሎኝ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ የሚጠይቀው አንተ ነህ» ብሎኝ ሥራውን ቀጠለ።

ሺሞንም ከዚያ በኋላ ልማዱን አልተቃወመም፣ ዐሥር ደቂቃ አትለፉ ብቻ አለን። እኔም ጠየቅሁ። የኛን ሴቶች ደህና ነሽ ወይ ብሎ መጠየቅ እንደማይጠቅም ስለገባኝ ጥያቄውን ለወጥኩት። «ሽጉጡ ቤት ውስጥ የት ይቀመጣል? ቁልፉ ከማን ጋር ይሆናል?» እላለሁ። ቤቱ ሰላም የሆነ ሰው ወዲያው ይነግርሃል፣ እንዲያውም ቁም ሣጥኑን መግለጽ ይጀምራል። ሌላው ግን ቁልፍ የሚለውን ሲሰማ እጁን ማየት ይጀምራል። ያን ጊዜ ወጥቼ ሞላው ደክሟል እላለሁ። የሰደበኝ ብዙ ነው። አንዱ የሙያ ወረቀትህን አሳየኝ ብሎ ሱቁን በጩኸት አንድ አድርጎት ነበር።

ይህን ሁሉ ሳደርግ እናኑ ከበሩ አጠገብ ለብቻዋ ትቀመጥ ነበር። ዓመት ሊሞላ ነበር። ሥራዬን ባሳመርኩ ቁጥር እሷን ማየት ይበልጥ አቃተኝ፣ በጎን በኩል እየወጣሁ ወደ ቤት እሄድ ጀመር።

የማስተስረያው ጾም ሲቃረብ ሰው ከበደለው ሰው ዘንድ ሄዶ ይቅር በለኝ ይላል። ወደ እናኑ ልሄድ መሆኑን ስነግራቸው አባባ መለሰ «አብሬህ ልሂድ፣ ያለ ሽማግሌ ይቅርታ አይጠየቅም» አሉኝ። አይሆንም፣ ብቻዬን እሄዳለሁ አልኳቸው። ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩን በግራ እጇ ከፈተችልኝ። ወንበር አቀረበችልኝና ከፊቴ ተቀመጠች።

«እናኑ፣ ያን ቀን ልጠይቅሽ ይገባ ነበር፣ አልጠየቅኩሽም» አልኳት።

«እርስዎ ምን ያውቃሉ ጋሼ አስረስ» አለችኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለቴ ተነሣሁ፣ ሁለቴ ተመለስኩ። አባባ መለሰ ባሉበት ገብቼ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ። እጄ በሩ ላይ ደርሶ ነበር'ኮ። ገፋ ባደርገው ኖሮ ይሰሙኝ ነበር። ሰዉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ሲለኝ እውነታቸውን ነው እላለሁ።»

እዚህ ላይ ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር። ጥፋቱን ራሷ ወስዳዋለች፣ እኔን ምንም ያላየ ሰው አድርጋኛለች። ደረጃው ቅርብ ነው፣ ይቅርታዬንም ጠይቄያለሁ።

«አይቼሻለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ስትነሺ። ሁለቱንም ጊዜ። እጅሽን በሩ ላይ አይቼ ነው ያጎነበስኩት። ለፖሊሱም፣ ለመርዶኽይም፣ ለሰዉም ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

በግራ እጇ ቀኝ እጇን አንሥታ ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አይተውኛል» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ ቀና ብላ «ይቅር ልበልዎት አልበልዎት አላውቅም። እሱ ይቆየን። ይህን አሁን ለኔ የነገሩኝን ሰው ባለበት ይናገሩልኝ» አለችኝ።

ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ጸሎቱ አልቆ ሰው ሊነሣ ሲል፣ ተነሥቼ ቆምኩ። ሺሞን ቢሰማ ከሥራ ሊያስወጣኝ ይችላል፣ አባባ መለሰም ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። «ስለ እናኑ የተባለው ሐሰት ነው» አልኩ። «ልትናገር ሁለቴ እስከ በሩ መጥታለች። አይቼ ያጎነበስኩት፣ አይቼም አላየሁም ያልኩት እኔ ነኝ።»

አባባ መለሰ መሬት መሬት ያያሉ። ከሴቶቹ በኩል የወንበር መጎተት ድምፅ ሰማሁና ዞርኩ። ከፊት ከተቀመጡት አንዲቱ፣ ከሁሉም ይበልጥ እናኑን ስታማ የነበረችው ራሷ፣ ወደ ጎን ገፋ ብላ ከአጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች።

«ነዪ» አለቻት፣ «እዚህ ተቀመጪ።»